ለማን ነበር የያዝካቸው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን
ከስፌት ቤቱ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለቤቴ ሳቅ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? እዚያ ብርዱ እንደ ገባ ለእናትሽ ነግረሻታል። ለእሷ ነው የነገርሽው፤ የምትደውዪው ሁልጊዜ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ እኔ ሥራ ላይ በምሆንበት ሰዓት ነውና። ስድስት ወር ሙሉ በአጋጣሚ ሰዓት የሚስት ሰው የለም። አውቀሽ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አልተቀየምኩም። መቀየም ያለብሽ አንቺ ነሽ።

እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ያው እንደምታውቂው ነው፤ ደረጃ ስትወጣ ያማታል፣ ለወሬ ጎረቤት ስትወርድ ይድናል። እኔ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ይዤ መቶ ሃያ ሰማያዊ ቀሚስ እየሰፋሁ ነው። ዓይኔን ስጨፍንም ሰማያዊ ይታየኛል።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ካፖርትሽ ነው። ቅዳሜ ዕለት እናትሽ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችውና «ቁልፎቹን አጥብቅልኝ፣ ኪሱንም እየው፤ ለልጄ ልልክላት ነው» አለችኝ። የቀኝ ኪሱ ከሥር ተቀዷል። እጄን ሳስገባ ጣቴ ገበሩ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ አንድ ጉራጅ እርሳስና ለአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣሁ። የእጅ ጽሑፍሽ ነው። ምን እንዳለበት እነግርሻለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ውሸት አለብኝ፣ እሱን ልናዘዝ።

አምፖል ልቀይር ስል ከወንበር ወድቄ እግሬ የተሰበረ ጊዜ ታስታውሻለሽ። ስድስት ሳምንት አልጋ ላይ ስነጫነጭ ያንን የካርድ ሳጥንሽን ይዘሽ መጣሽ። «የልጅ ጨዋታ ነው» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። በሳምንቱ እናትሽ መብራት አጥፉ እያለች ትጮህብን ጀመር። እግሬ ድኖም አልተውኩትም፤ «ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም» ያለችው ያኔ ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው ተጠባባቂ ካርዶቹን መምረጥ ነበር። ዋናው ስድሳ ካርድ የራስ ነው፤ ሰው ከዚያ ሁሉ ዓይነት ካርድ የሚወደውን መርጦ ይይዛል። አሥራ አምስቱ ተጠባባቂዎች ግን የሚያዙት ለሚፈሩት ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ከስድሳው የማይረባውን አውጥቶ ለዚያ ሰው የሚሆነውን ለመክተት። «አባዬ፣ መጀመሪያ የምትፈራውን ሰው ጻፍ፤ ካርዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል» ትዪኝ ነበር። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ አንቺ በእርሳስ፣ እኔ በጨርቅ ጠመኔ፣ የምንፈራቸውን ሰዎች እንዘረዝራለን። ፀጉር አስተካካዩ አለ፤ ባንክ ቤት የሚሠራው፣ ፈጣኑ የምንለው አለ። አንድ ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ በአራት ደቂቃ ቢያሸንፈኝ አሥራ አምስቱንም ለእሱ ልይዝ ተነሳሁ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ!» ብለሽ በሳቅ ሞትሽ።

ከዚያ ያ ውድድር መጣ። አንደኛ የወጣ የአውሮፕላን ቲኬት ተቆርጦለት ውጭ አገር ወደሚደረገው ትልቁ ውድድር ይሄዳል ተባለ። አንቺ ስምንት ወር የለፋሽበትን የራስሽን አጨዋወት ይዘሽ ነበር፤ ተጫውተውባቸው የተጣሉትን ካርዶች ከተጣሉበት ክምር እያነሱ መልሶ መጠቀም። እኔ የምጥለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቅመሽ የሠራሽውን የአልጋ ልብስ ያስታውሰኝ ነበር። በከተማው እንደዚያ የሚጫወት ሌላ አንድም ሰው አልነበረም።

ልጄ፣ የዚያን ቀን ተጠባባቂዎቼን የመረጥኩት ወጥ ቤት አይደለም። እዚህ ስፌት ቤት፣ በሩን ዘግቼ ነው። የተጣለውን ክምር ጠራርገው ከጨዋታ የሚያወጡ አራት ካርዶች መርጬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሰው ሲገባ ወረቀቱን በጨርቅ ሸፈንኩት። በራሴ ቤት፣ በራሴ ጠረጴዛ፣ ሌባ መሰልኩ።

ለምን እንዳደረግሁት ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ወጥ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ተጫውተን አሥራ አንዱንም አሸንፈሽኛል። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የሰው የሠርግ ልብስና የሰው የመንገድ ልብስ ስሰፋ ኖሬ አንድ ቀን አንደኛ ተብዬ አላውቅም። ከራስ በላይ ነፋስ አልኩ። ይህን ሰው በባዕድ ላይ ሲለው ሰምቻለሁ፤ በልጁ ላይ ያለው አባት ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ለፍጻሜው እኔና አንቺ ተገናኘን፤ ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሳቀ፤ «የአንድ ቤት ሰዎች!» እያለ። ስትቀመጪ «አንዱን ዙር ግን አልምርህም» አልሽኝ፤ እውነትም አልማርሽኝም። ሁለተኛውን ልንጀምር ስንል ወደ እኔ ጎንበስ ብለሽ «አባዬ፣ ቆይ አንዴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አልሽ። እኔ አራቱን ካርዶች ከስድሳዬ ጋር እየበወዝኩ ነበር። ሐሳቤን ልታዛቢብኝ መሰለኝ። «ወሬ የለም፤ ዳኛው እያየን ነው» አልኩሽ፤ በቁጣ ነው ያልኩሽ።

ከአራቱ የመጀመሪያዋን ሳስቀምጥ ካርዷን አላየሽም። ያየሽው እኔን ነው። ሁለተኛውን ዙር አሸነፍኩ። ሦስተኛውንም አሸነፍኩ። ብድግ ብለሽ እጅሽን ዘረጋሽልኝ፣ ለማንም ተጋጣሚ እንደምትዘረጊው። ሌላ ጊዜ ጉንጬን ትስሚኝ ነበር።

«ለማን ነበር የያዝካቸው?» አልሽኝ ቀስ ብለሽ።

«ለፀጉር አስተካካዩ» አልኩ።

ሰውየው ለካ ከኋላዬ ቆሟል። «ለእኔ? እኔ ከተጣለ ካርድ ጋር ምን አገናኘኝ?» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንቺም ፈገግ ብለሽ «አባዬ መጠንቀቅ ይወዳል» አልሻቸው። የበደልኩሽ አንሶ ገመናዬንም አንቺው ሸፈንሽልኝ።

ሄድኩ። በመስኮት በኩል ተቀምጬ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ተሸንፌ ከሰዓት በፊት ወጣሁ። አራቱን ካርዶች፣ እድል ያመጡልኛል ብዬ፣ እዚያም ይዣቸው ነበር። አንቺን መሳይ ተጫዋች በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ስላልነበረ ከሳጥኑ ሳይወጡ ተመለሱ። ቤት ስመጣ ለጎረቤት ሁሉ «ዕድል ነው» እያልኩ አወራሁ። አንቺ እንግዳ እንደ መጣበት ሰው ውሃ አቀረብሽልኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ እዚያ አሁን ያለሽበትን ሥራ አግኝተሽ ሄድሽ። የካርድ ሳጥንሽን አልጋሽ ሥር ትተሽው ነው የሄድሽ።

እንግዲህ ወረቀቱ። የዚያ ቀን ተጠባባቂዎችሽ ዝርዝር ነው። «ፀጉር አስተካካዩ፦ ስድስት» ይላል። «ፈጣኑ፦ አምስት። የማላውቀው ሰው ከመጣ፦ አራት።» ቆጠርኩ፤ አሥራ አምስት ሞላ። ከታች ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጽፈሻል፦

«አባዬ፦ ምንም። እሱ ጋ ከደረስኩ አንድ ዙር ብቻ ተጫውቼ እለቅለታለሁ። አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም።»

መቀሱን አስቀምጬ ደግሜ አነበብኩት። ደንበኛ መጥቶ ሲያናግረኝ ነገ ተመለስ አልኩት፤ ሰውየው አመመህ ወይ አለኝ። አፈርኩ ልጄ። ሰው ሰርቆ ያፍራል፤ እኔ የሰረቅኩት በሁለት እጅሽ ይዘሽ ልትሰጪኝ የመጣሽውን ነው። «አንድ ነገር ልንገርህ» ስትዪኝ አፍሽን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ትናንት ለእናትሽ ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀትሽን አንብባ መልሳ አጠፈችው። ከዚያ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ለእኔ የሚነገር አይደለም፤ ብዕር አንሳ» አለችኝ። ስለዚህ አነሳሁ።

ይቅር በዪኝ። አሁኑኑ በዪ አልልም፤ ሲሆንልሽ። ፀጉር አስተካካዩንም ነገ ሄጄ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ምላጭ በያዘበት ሰዓት ባይሆን ይሻለኛል።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ስፌት ቤቱን በስምንት ሰዓት እዘጋለሁ። ስትደውዪ ቤት አለሁ። ልታናግሪኝ ካልፈለግሽ ስልኩን እናትሽ ታንሳው፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ድምፅሽን ብቻ እሰማለሁ፣ አልተነፍስም። ሰዓቱን ግን እባክሽ አትቀይሪብኝ።

በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ። እጅሽ የያዘው ይባረክ፤ ደግ ጎረቤት፣ ሞቅ ያለ ቤት ይስጥሽ። ከክፉ ይሰውርሽ፤ እንደ እኔ ካለ ተጋጣሚም።

አባትሽ፣ ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ኪሶቹን በድርብ ክር ሰፍቻቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ ምንም አይሾልክም። ወረቀትሽን በቀኝ ኪስ አስቀምጫለሁ። በግራው አራቱ ካርዶች አሉ። ለማን ነበር የያዝካቸው ብለሽኝ ነበር። ለአንቺ ነበር።