የአረንጓዴው መጽሐፍ መጨረሻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፤ ከሰዓት 10

ሁለት ፍራሽ አድሼ ገባሁ። አንዱ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ጥጡ ድንጋይ ሆኗል። ወገቤ የለም። ቢሆንም እጄን ታጥቤ አንቺን ከፈትኩ፣ ደብተሬ። የማታ ት/ቤቱን ከጨረስነው ውስጥ እንደኔ የሚያነብ የለም። መምህሯ አፍ አውጥታ አልተናገረችም እንጂ ዓይኗ ይናገር ነበር።

ስመለስ ጋሽ መርጊያ ጋ ጎራ አልኩ። ቀራንዮ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን መጽሐፍ የሚያከራዩት። መጽሐፉን ሁሉ እንደ ተማሪ ደብተር በቀለም ወረቀት ይሸፍኑታል። ስለዚህ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ቢጫው፣ ቀዩ፣ ሰማያዊው ነው። ሕጋቸው ደግሞ፦ የተከራየ ሰው ሽፋኑ ውስጥ አስተያየቱን ይጽፋል፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አግዳሚው ላይ በተቀመጠው ሕዝብ ፊት ቆሞ ይናገራል። ያልተናገረ ሌላ አይወስድም።

አስተያየቶቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። አቤት ጉድ! ለዚህ ነው ሰው ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው?

የወጥ አሠራር መጽሐፍ ላይ፦ «ገጸ ባሕርያቱ በደንብ አልተሳሉም።» ማንን ነው? ሽንኩርቱን?

የመንጃ ፈቃድ መጽሐፍ ላይ፦ «ልብ አንጠልጣይ።» ይሄ ሰው መሪ ሲይዝ አያሳየኝ።

ሀብታም ስለመሆን የሚያስተምር አለ። «ሕይወቴን ቀየረው» ይላል አንዱ፣ ስሙን ሳያፍር ፈርሞ። አውቀዋለሁ። ዛሬም ከወንድሙ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ነው የሚተኛው። ፍራሹን ያደስኩት እኔ ነኝ።

አቶ ሰይፉ የሚባል ጡረተኛ ደግሞ አለ። ግጥሙ ላይ «ጥልቅ ነው»። ታሪኩ ላይ «ጥልቅ ነው»። የንብ እርባታው ላይ «እጅግ ጥልቅ ነው»። ጉድጓድ ቆፋሪ እንኳ ይህን ያህል ጥልቅ አይልም።

አረንጓዴውን ወሰድኩ። ልብ ወለድ። ሽፋኑ በአስተያየት ጢም ብሏል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6፤ ጧት 12 ተኩል

ለሚስቴ ለአስካለ ማንበብ ጀመርኩ። ዕዳዬ ነው። የማታ ትምህርት ሲመጣ ሁለታችንም ልንመዘገብ ነበር። ግን ሰዓቱ ከጉሊቷ ሰዓት ጋር አንድ ሆነ፤ ቲማቲም የሚገዛ ሰው ከሥራ ሲወጣ ነው የሚገዛው። አንተ ሂድ አለችኝ፣ ስትጨርስ አንድ መጽሐፍ ከጥግ እስከ ጥግ ታነብልኛለህ። ቃል ገባሁ። ይኸው።

በጧት ነው የምናነበው፣ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች። አታደንቅም። ቀስ ስል አትቆጣም፣ ስፈጥንም አታጨበጭብም። ሰፈሩ ሁሉ «ምሁሩ» እያለኝ (ግማሹ ለቀልድ ነው፣ ግድ የለም) እሷ ብቻ ምንም። አንድ ቀን «አነበብክ» ትለኝ ይሆን? እሷን ነው የምጠብቀው።

ታሪኩ፦ ትርፌ የምትባል ሴት። እጮኛዋ ለወደብ ሥራ ሄዶ ድምፁ ጠፋ። ሻይ ቤት ከፈተች።

እሁድ፣ ጥቅምት 9፤ ከቀኑ 8

ድል!

ገና ሠላሳኛው ገጽ ላይ ነኝ። ግን ካልተናገርኩ ጋሽ መርጊያ መጽሐፉን አያራዝሙልኝም። ምን ላድርግ? ሽፋኑን ገለጥ አደረግሁ። ሁሉም ስለ መጨረሻው ነው የጻፈው። «መጨረሻው አስለቀሰኝ።» «መጨረሻው አጥንት ይሰብራል።» እኔ ከብዙኃኑ ጋር ልነጉድ? ቆምኩ። ታሪኩ ደህና ነው፣ መጨረሻው ግን ተንዛዛ አልኩ።

 ከዚያ ጭብጨባ!

አቶ ሰይፉ ተነሳ። ኧረ አጭር ነው፣ አጭር ግን ጥልቅ አለ። ፀጉር ቤት ያላት መስከረም አቋረጠችው፤ መጨረሻውን ስታነብ መሐረቧ እንደራሰ፣ ደንበኛዋን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ እንደረሳቻት ማለች። እኔ ተንዛዛ፣ እሱ ጥልቅ፣ እሷ መሐረብ። አግዳሚው ለሦስት ተከፈለ። ጋሽ መርጊያ በስተመጨረሻ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ተቺ መጣብን አሉ። አንድ ሳምንት ጨመሩልኝ።

ለአስካለ ነገርኳት። እጇን አነሳች። መጨረሻውን እንዳልነግራት። እኔም አፌን ዘጋሁ፣ ምስጢር ጠባቂ ሆኜ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ጧት 1

ስልሳዎቹ ገጾች ውስጥ ነን። ትርፌ ቅዳሜ ቅዳሜ የሻይ ቤቱን ወለል ታጥባለች። አስካለ አስቆመችኝ። ድገመው አለች። ደገምኩት። የሚመጣ ሰው የማትጠብቅ ሴት ወለል እንዲህ አታሽም አለች፣ ወደ ሽንኩርቷም ተመለሰች።

ይህን ሽፋኑ ላይ የጻፈ የለም። ያ ሁሉ ቀለም ፈሶ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14፤ ጧት 2

ሥራ አልወጣሁም። ልንገርሽ።

የመጨረሻዋን ገጽ አነበብኩ። ድምፄን አሳምሬ። ትርፌ ወለሉን እየወለወለች ነው፤ በሩ ይንኳኳል። «መወልወያውን አስቀምጣ በሩን ከፈተች፤ ደጃፉ ላይ» ይላል። ገለጥኩ። አረንጓዴ ወረቀት። መልሼ ገለጥኩ። የተቀደደ ጠርዝ፣ ጣት የማይሞላ። ሌላ የለም። መጽሐፉ መጨረሻ የለውም። ድሮ የተቀደደ ነው፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። አቶ ሰይፉ! መሐረቧ! እያንዳንዳቸው ሽፋን አንብበው ሽፋን ላይ ጻፉ፣ ቀጣዩ ደግሞ የእነሱን። ልስቅ አፌን ስከፍት አስካለን አየኋት። ቢላዋውን አስቀምጣለች።

«እሁድ ተንዛዛ ያልከው የቱ ነው?»

 ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ዘንቢሏን አንስታ ወጣች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፤ ከሰዓት 9

ትናንት ቀኑን ሙሉ መጨረሻ ፍለጋ። ይዤላት ልገባ። ጋሽ መርጊያ አያውቁም፤ ከቆራሌው በኪሎ ነው የገዙት፣ ያለቀም የጎደለም። እሳቸውስ አንብበውት? የሚያከራይ ሰው አያነብም አሉኝ፣ ሥጋ ሻጭ ሁሉ ጾመኛ ይመስል።

አቶ ሰይፉን ኬክ ቤት አገኘሁት። እጮኛዋ መጥቶ ተጋቡ አለኝ። ጥልቅ ሠርግ ይሆን? መስከረም ካስክ እያስተካከለች፣ ትርፌ ሞታለች አለችኝ። በምን? በናፍቆት። ደጃፉ ላይ ማን ነበር ስላት፣ እንዴ፣ አንተ አንብበህ የለ እንዴ፣ አንተው ንገረኝ አለች። ላቤ መጣ። ፀጉር ቤት ይሞቃል።

ዛሬ ጧት ሁለቱንም ለአስካለ አቀረብኩ። ሠርጉንም ሞቱንም። እንደ መጥፎ ቲማቲም አገላብጣ ጣለቻቸው። ያቺ ሴት ትርፌ አይደለችም አለች። ሻይ ቤት ከፍታ፣ ዕቃ አጥባ፣ ሰው አስተናግዳ የኖረች በናፍቆት ትሞታለች? እሺ አንቺ ንገሪኝ አልኩ፣ ለነገር። ነገረችኝ።

በሩን ከፈተች። እሱ ነው፣ ሸብቷል። እቅፍ የለ፣ ለቅሶ የለ። እግሩን አየችና፣ «ጫማህን አውልቅ፣ ወለሉ እርጥብ ነው» አለችው።

አለቀ።

ቢላዋውን አንስቼ ሽንኩርቷን መላጥ ጀመርኩ። እኔ! ይህን ያህል ዓመት ፍራሽ አዳሽ እያልኩ ስጮህ የኖርኩት ሰውዬ።

ወዲያው ሐሳብ መጣልኝ። ይህንኑ በጥሩ ወረቀት ልጽፈው፣ ልለጥፈው፣ ነገ የተገኘው መጨረሻ ብዬ ላንብበው። አቶ ሰይፉ «አዎ፣ ትዝ ይለኛል፣ ጥልቅ ነው» ሲል ማየት! መስከረም መሐረብ ስታወጣ! አስካለ ሳቀች፣ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዋ። ከዚያ ጣቷን ቀሰረች። ጻፈው አለች፣ ለጥፈው። ግን አንተም ሳታነብ እንደተናገርክ ተናግረህ ነው። አለበለዚያ መጨረሻዬን አልሰጥም። አንተ ከእነሱ በምን ትሻላለህ?

በብዙ ነገር! ልዘረዝርላት ነበር። ተነስቼ ሙጫ ልገዛ ወጣሁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 16፤ ጧት 3

ቅዳሴ ወጥቷል። ለጠፍኩት። ሙጫው አልደረቀም። ጽሑፌ ከታተመው ያምራል (ይህን ማንም አይከለክለኝም)። ከሥሩ፦ «ይህን መጨረሻ የተናገረችው አስካለ ናት። የጻፈው ባሏ ነው።»

ነጠላዋን ለብሳለች። ልትሰማኝ ትመጣለች። ጉሊቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ በእሁድ ገበያ!

ጧት ሌላም ነገር አለችኝ። አረንጓዴውን ከእጄ ወስዳ፣ ያቺን የወለሉን ገጽ በጣቷ ፈልጋ አገኘች፤ ሽንኩርት ስትልጥ ጭማቂው ነክቷት ኖሯል። ይህቺን ደህና አድርገህ አነበብክ አለች።

አነበብክ አለች፣ ደብተሬ።

እንግዲህ ወስኛለሁ። ስቆም መጀመሪያ የምለው የራሴን ነው። ሳላነብ ተንዛዛ እንዳልኩ። አቶ ሰይፉ ይሳቅ። ቀጥሎ የሷን አነባለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ከዚያ ወደ አግዳሚው ዞሬ ማን ማን እንደሚያስታውሰው እጠይ

እየጠራችኝ ነው። ጫማህን