በሁለቱ መስመሮች መካከል

ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ ከወገቡ ሕመም ተሻለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደባርቅ ብርዱ ጠንክሯል፤ አባባ ጋቢያቸውን ደርበው ፀሐይ ይጠብቃሉ።

ልቤን ያከበደውን ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? የአባባ ጆሮ እየደከመ መሄዱን ታውቂያለሽ። ማሲንቋቸውን መቃኘት ሲያቅታቸው፣ በዓይናቸው እንዲያዩት ብዬ ስልኬ ላይ ድምፅን በመስመር የሚያሳይ አፕ ጫንኩ። ድምፁ እየወጣና እየወረደ ይሳላል፤ ከኋላው እንደ ደረጃ የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። እያየሁ፣ ጣታቸው የሚያርፍበትን ሁሉ በማሲንቆው አንገት ላይ በቀይ ክር አሰርኩላቸው። የአንቺሆዬን ቅኝት ሲመቱ ግን አንዱ ድምፅ በሁለት መስመሮች መካከል ባዶው ላይ ቆመ። ጆሯቸው አሳስቷቸው ነው ብዬ ድምፁ መስመሩ ላይ እስኪያርፍ ክሩን ገፋሁት። አባባም "አንቺ ካልሽ" ብለው ጣታቸውን አለማመዱ።

ከዚያ ዳባት ለሠርግ ተጠራን። አባባ ክሩን እያዩ መቱ። ሴቶቹ ሊቀበሉ ቢሞክሩ ዘፈኑ አፋቸው ላይ ተበላሸ፤ ጭብጨባው ላላ። አባባ ዞረው አዩኝ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ጥሩ ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁላቸው። ኋላ የድሮ ባልንጀራቸው ጋሽ ያርጋል ወደ ጥግ ወሰዱኝና ወደ ጆሮዬ ተጠግተው፣ "ልጄ፣ ይሄ የአባትሽ አንቺሆዬ አይደለም፤ ማን ነካካበት?" አሉኝ።

አባባ የሰውን ፊት አይተው ነበር። ቤት እንደገባን ማሲንቆውን ሰቀሉት፤ እጃቸው የከዳቸው መሰላቸው። ክሩን የገፋሁት እኔ እንደሆንኩ ግን አልነገርኳቸውም።

በመጨረሻ ጋሽ ያርጋልን ለምኜ አመጣኋቸው። ማሲንቆውን አውርደን፣ አባባ እየመቱ ክሩን ጥቂት በጥቂት ስገፋው ጋሽ ያርጋል ጎንበስ ብለው አዳምጠው፣ "እዚህ" አሉ። ስልኩን አየሁት፤ ድምፁ ያው ባዶው ላይ ነበር። አባባ አንቺሆዬን እንደገና ሲመቱ ጋሽ ያርጋል ሳይታወቃቸው ትከሻቸው ተነሣ።

ያን ጊዜ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእጃቸው እንዳልነበረ ለአባባ ተናዘዝኩ። አልተቆጡኝም። "አጠገቤ ተቀምጠሽ እንዴት ሳትሰሚው ቀረሽ?" ብቻ አሉኝ። ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝ።

ከዚያ ወዲህ ሲያናግሩኝ ፊት ለፊቴ ዞረው፣ ከንፈራቸውን ገለጥ እያደረጉ፣ ቀስ ብለው ነው። እኔ ለእሳቸው እንደማደርገው።

ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። እመቤታችን ደጅሽን ትጠብቅልሽ፤ የወለድሻቸውን ለቁም ነገር ታብቃልሽ። መልስሽን ጻፊልኝ እንጂ አትደውዪ።

ታናሽ እህትሽ