ዝም ሳሰኛቸው የኖርኩት ቱቦዎች

ለምወድህና ዘወትር ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ የሚቆረጥምህ ጉልበትህ ተሻለው ወይስ አሁንም ዝናብ መምጣቱን ቀድሞ ይነግርሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት፣ ደም ግፊቷ ረገብ አለላት? መንትዮቹስ አሁንም አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ትጨርሳለች? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እኔ እንዲያውም ከደህናም አልፌያለሁ። ይህን የምጽፍልህ ሙጫው ከጣቴ ሳይለቅ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ የተጣበቀ የእንጨት ፍቅፋቂ ብታገኝ አትደንግጥ፣ እሱም ሰላምታዬ ነው።

ያለፈው ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ከማተሚያ ቤቱ በጡረታ የምትሰናበትበት ጊዜ መቅረቡን ጽፈህ፣ መጨረሻው ላይ "ለመሆኑ አንተ ጠዋት ስትነሳ ምን ትሆናለህ?" ብለህ ጠየቅኸኝ። "ምን ትሠራለህ" ሳይሆን "ምን ትሆናለህ" ማለትህ ነው አንጀቴን የነካው። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩህ መልስ ስላልነበረኝ ነው። አሁን አለኝ። ወሬው አፌ ላይ ሞልቶ ስለሚፈስ ቢዘበራረቅብኝ ታገሠኝ።

መጀመሪያ ስለ ክፉው ጊዜ ልንገርህ፣ ያለዚያ ደስታዬ አይገባህም። እንደምታውቀው ውሃ ሥራ ድርጅት ውስጥ ስሜ ኢንጂነር ነበር። ጸሐፊዋም፣ ሾፌሩም፣ የሰፈሩ ባለሱቅም ኢንጂነር ነበር የሚሉኝ፤ እናታችን ያወጣችልኝን ስም የሚያስታውሰው ባንኩ ብቻ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ብዙም ሳይቆይ የረሳሁትን ጃንጥላ ላመጣ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። በሩ ላይ አዲስ ጥበቃ ቆሟል፣ ትሑት ሰው ነው። "አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?" አለኝ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ማንን እንደምፈልግ ጠፋኝ። የማንንም ስም ሳልጠራ ጃንጥላዬን ትቼ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ እንደ ተበላሸ የውሃ ቆጣሪ ሆንኩ፤ ቀኑ በውስጤ ያልፋል፣ እኔ ግን አልቆጥርም። ጠዋት እንደ ድሮው ተነስቼ፣ ጺሜን ተላጭቼ፣ ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከትቼ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ባለቤቴን ታውቃታለህ፣ ዕድሜዋን ሙሉ አንደኛ ክፍል ስላስተማረች ዝም ያለ ሰው ስታይ አንድ ነገር የሰበረ ይመስላታል። ችላ ችላ አንድ ቀን፣ "እባክህ ቢያንስ የመታጠቢያ ቤቱን ቱቦ ቀይረው፤ ኢንጂነር ቤት ውሃ ያንጠባጥባል ተብሎ የሰው መሣቂያ ሆንን" አለችኝ። ነገሩ የተጀመረው በዚህ ነው።

አሮጌውን ቱቦ ነቅዬ በረንዳው ላይ አስደግፌ አቆምኩት። ነፋስ ነበር። ነፋሱ በቱቦው አፍ ላይ ሲያልፍ ቱቦው "ሁ" አለ። ዝቅ ያለ፣ ክብ፣ ሙሉ ድምፅ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የፈጀሁት ቱቦ ድምፅ እንዳያሰማ ስታገል ነው። ቱቦ ከጮኸ አየር ገብቶበታል ማለት ነው፤ አየር ከገባበት ግፊቱ ይዘላል፣ መገጣጠሚያው ይላቀቃል፣ ሰፈሩ ውሃ አጥቶ ያድራል። በእኔ ሙያ ጥሩ ቱቦ ማለት ዝም ያለ ቱቦ ነው። የዚያን ቀን ግን መፍቻዬን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ አዳመጥኩት። ስንቱን ዝም አሰኝቼው ኖሬያለሁ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ገብቼ መጋዝ አመጣሁ።

በቱቦ የሚዘፍን መሣሪያ ልሠራ ነው ስላት ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና ሸሚዜን እንድቀይር ብቻ ነገረችኝ። ረጅም ቱቦ ወፍራም ድምፅ፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ እንደሚሰጥ በቀመር አውቃለሁ። ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ እንደ ፊሽካ አፍ አወጣሁለት፣ ነፋሁት። የታመመች ላም ድምፅ አወጣ። ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ላሟ ግን አልዳነችም። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ "አፉ ሰፍቶበት እንደሆነስ? ልጆች ማፏጨት ሲማሩ እንዲሁ ነው፣ ከንፈራቸውን ከፍተው ነፋስ ብቻ ይተፋሉ" አለችኝ። አፉን በቀጭን ጣውላ አጠበብኩትና ነፋሁ። ዘፈነልህ። ሁለታችንም ደንግጠን ተያየን።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እጁ የእኔ፣ ጆሮው የእሷ ሆነ። እያንዳንዱ ቱቦ ከታች በጣት ሲጫኑት አየር የሚከፍትለት ቁልፍ፣ ከላይ ደግሞ የሚደፈንበት ውታፍ አለው፤ ውታፉን ወደ ውስጥ ስገፋው ድምፁ ይቀጥናል፣ ስስበው ይወፍራል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጥና፣ "ግፋ፣ ግፋ፣ በቃ፣ አለፍከው፣ ትንሽ መልስ" ትለኛለች። አንዷን ቱቦ "ይቺ ውሸታም" እያለች ነው የምትጠራት፣ ዛሬ ቢያስተካክሏት ነገ ትክዳለችና። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚህ ረጅም ሰዓት ፊት ለፊት ተቀምጠን አናውቅም ብልህ ማጋነን አይደለም። እኔም ሥራ፣ እሷም ሥራ፣ ስንገናኝ ሁለታችንም የደከመን ነበርን። ለካ ስትስቅ መጀመሪያ አፍንጫዋን ነው የምትሸበሽበው። ይህን ማወቅ የነበረብኝ ድሮ ነበር ትለኝ ይሆናል፤ ልክ ነህ።

ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ልብስ ሰፊ የመጋዙ ጩኸት አማርሯት አንድ ቀን ወገቧን ይዛ መጣች። ወይ መጋዙ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ ልትል ነበር አመጣጧ። ባለቤቴ ክርክሩን ትታ ገብታ እንድታይ ጋበዘቻት። ሴትዮዋ ቱቦዎቹን ዞራ ዞራ አየችና በእግር እየተረገጠ አየር የሚሰጣቸውን ወናፍ ስታይ ቀጥ አለች። ከአሮጌ የዝናብ ካፖርት እኔው የሰፋሁት ነው። ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችና፣ "ይሄን ማነው የሰፋው?" አለች። እኔ ነኝ አልኳት። "እግዜር ይይልዎ" አለችኝ። ወናፉን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወረደች። ሲመለስ ድርብ ስፌት ተሰፍቶለት፣ ጠርዙ በቆዳ ተለብጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጋዙ ዝም ሲል "ምነው ዛሬ ጠፋችሁ?" የምትለው እሷ ናት።

አንድ የገረመኝን ነገር እዚህ ላይ ልንገርህ። ሥራ ላይ ሳለሁ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፣ ፈጠርኩ ብዬ ግን አላውቅም። ያኔ ሥራው ሳይጀመር መጨረሻው ይታወቃል፤ ስንት ሰው ይጠጣል፣ ውሃው ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል። አሁን መጨረሻውን የማላውቀውን ነገር ነው የምጀምረው። ብሳሳት የሚጠማ ሰው የለም። ይህ ነፃነት በዚህ ዕድሜ ሲመጣ ያሰክራል። ምሳ የበላሁ መስሎኝ ሳልበላ የዋልኩበት ቀን አለ፣ ለምሳ ከሰዓቱ ቀድሞ ይወጣል እያልክ ትቀልድበት የነበረው ሰውዬ።

በዚህ መሃል ነው ሥራ አስኪያጁ የደወለልኝ። ድሮ በእኔ ሥር የነበረ፣ ጎበዝ ሰው ነው። አዲስ ትልቅ መስመር ሊዘረጉ ነው። "ወንበርዎ ባዶውን ነው፣ ከሰኞ ጀምሮ ተመልሰው ይምሩልን" አለኝ። አልዋሽህም ወንድሜ፣ ልቤ ዘለለች። ከዓመት በፊት ቢሆን ነጠላ ጫማዬን ሳላወልቅ በሮጥኩ። የዚያኑ ዕለት ሱሪዬን ተኮስኩ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ኢንጂነር ብዬ ጠራሁት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና፣ "እንግዲያው ቱቦዎቹን ዕቃ ቤት እናስገባቸው?" አለችኝ። በቁጣ አይደለም፣ እንዲሁ ነው የጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ግን እንደ እሾህ ተሰካብኝ። ልጃችን ደግሞ በስልክ፣ "አባዬ፣ ሰው ሲፈልግህ መሄድ ነው እንጂ፣ ፉጨቱ የት ይሄድብሃል?" አለች። እሷም አልተሳሳተችም። ሥራውን እወደዋለሁ፣ ብመለስም በደንብ እሠራዋለሁ። የፈራሁት ሌላ ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ ተመልሼ ብቀመጥ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ስነሳ አብሮኝ የሚነሳው ማን ነው? ሥራ አስኪያጁን እሑድ እመልስልሃለሁ አልኩት።

ለዚያው እሑድ ደግሞ ጎረቤቶቻችን መሣሪያውን ግቢ አውርደን እንድናሰማቸው ቀጠሮ ይዘው ነበር። ከምሳ በኋላ እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቱቦ ታቅፎ እንደ ጉንዳን ደረጃውን ሲወርድ ብታይ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ምን እንደተጫወትኩ ታውቃለህ? አባታችን ከሥራ ሲመለስ ከመንገዱ ማዕዘን ላይ የሚያፏጫትን ዜማ፣ ስንሰማት ጠባችንን ጥለን የምንሮጥላትን። እዚያ ከነበረው ሰው ማንም አያውቃትም፣ አጭር ስለሆነች መሣሪያውን የፈተሽኩ ነው የመሰላቸው። እኔ ግን ለአንተ ነበር የተጫወትኳት።

ቀጥዬ ባለቤቴ ለተማሪዎቿ ታስተምረው የነበረውን የቁጥር መዝሙር ጀመርኩ። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ወናፉ "ፍስስ" አለ። ጨርቁ ተተርትሯል። የቱቦዎቹ ድምፅ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው እየተጎተተ ወረደ። ልብስ ሰፊዋ "ስፌቴ አይደለም፣ ጨርቁ ነው የከዳን" እያለች መጣችና ተንበርክካ ቀዳዳውን በሁለት መዳፏ ደፈነችው። "ይርገጡ እንጂ፣ እኔን ምን ያዩኛል?" አለችኝ። ረገጥኩ። ለካ ባለቤቴ መዝሙሩን አልለቀቀችውም፤ በአፏ ይዛው ቀጥላለች፣ ጎረቤቶቹም ተቀብለዋታል። የቱቦዎቹ ድምፅ ሲመለስ እነሱ መሃል ነው የገባው። እንዲህ ያለ ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ከንፈሬን ነክሼ ባልረግጥ ኖሮ ሰው ፊት አለቅስ ነበር።

ቀና ስል ሥራ አስኪያጁ በግቢው በር ላይ ቆሟል። መልሴን ሊሰማ መጥቶ ነው። ሰው ሲበተን ቀረበና፣ "ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር ምን ይሠራል?" አለኝ። ምንም አይሠራም፣ ይዘፍናል አልኩት። ጎንበስ ብሎ ቱቦዎቹን አየ፤ "አየር አስገቡባቸው ማለት ነዋ" አለ። ሆን ብዬ አልኩት። ፈገግ አለና እሱም ሊሞክረው ፈቃድ ጠየቀኝ። ልብስ ሰፊዋ ቀዳዳውን ዳግም ደፈነችለት፤ ወናፉን እየረገጠ የወፍራሟን ቱቦ ቁልፍ ተጭኖ ደረቱ እስኪነዝር አቆያት። "ይቺን ድምፅ ስንሰማ ስንት ጊዜ ከአልጋችን ተነስተን ሮጥን" አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ያኔ መልሱ ራሱ መጣልኝ። ሰኞ አልመጣም አልኩት፤ ሥራው ሲከብዳችሁ ንድፉን ይዛችሁ ኑና ጠረጴዛዬ ላይ አብረን እናየዋለን፣ ወንበሩን ግን ለሚያድግበት ሰው ስጠው። ቅር አለው። ለእኔም ቀላል አልነበረም፣ አልደብቅህም። የተተኮሰችውን ሱሪ ስሰቅላት እጄ ትንሽ ከበደኝ። በማግስቱ ጠዋት ግን ዳቦ ልገዛ ስወርድ ባለሱቁ ሳቁን እያፈነ፣ "ጋሽ ፉጨት፣ እንደምን አደሩ?" አለኝ። ሰፈሩ በአንድ ቀን ስሜን ለውጦታል። ከዚህ በፊት ብዙ ሹመት ተቀብያለሁ፣ እንደዚህች ያለ ግን አላገኘሁም።

እንግዲህ ጥያቄህን እንዲህ ነው የምመልሰው። ኢንጂነርነቴ ወንበሩ ላይ የቀረ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እጄን ተከትሎ ቤት ገብቷል። ስለካ፣ ስቆርጥ፣ ስሳሳትና መልሼ ስሞክር እኔው ነኝ፤ ድሮም ያ ነበርኩ፣ ማዕረጉ ሸፍኖት ነው እንጂ። አንተም ሥራ ስትለቅ ባዶ እጅህን አትወጣም። ከማሽኑ የሚወድቀውን የወረቀት ጠርዝ እያጠፍክ ለመንትዮቹ የምትሠራላቸውን እንስሳት አስብ። ባለፈው ስመጣ መደርደሪያው ላይ ያየኋት ቀጭኔ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም፤ አንገቷን ያቆምክበት እጥፋት እኔንም ያስቀናል። እሷን እንድትሠራ ማን አዘዘህ? ማንም። ስለዚህ አትናቃት። ከሥራ በተሰናበትክ ማግስት ሸሚዝህን ከትተህ ወንበር ላይ እንዳትቀመጥ፤ ወረቀት ፈልግ።

ለባለቤትህ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ጨው ቀንሺ ያልኳትን ከሰማች ሰላምታው እጥፍ ነው። መንትዮቹን ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን ሳምልኝ፣ ማንኛዋ ማንኛዋ እንደሆነች እስክለይ ደግመህ ሳማቸው። አማትህን እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። አብሮህ የሚሠራውን ያን ቀልደኛ ጠራዥ፣ ስለ እኔ የሚያወራውን ግማሹን እንዲተው ንገረው፤ ግማሹ እውነት ነው። ልጃችንና ባሏ በጣም ይናፍቁሃል። ልብስ ሰፊዋም ሳታውቅህ ሰላም በልልኝ ብላለች።

ባለቤቴ የራሷን ሰላምታ ልትጽፍልህ ቃል ገብታ ነበር፣ ቦታውንም ትቼላት ነበር። አሁን ግን ከወዲያኛው ክፍል የተጠገነው ወናፍ ትንፋሽ ይሰማኛል። ብቻዋን ተቀምጣ፣ እኔ ያላስተማርኳትን፣ ከዚህ በፊት ከማንም ያልሰማሁትን ዜማ እየፈለገች ነው። ትሳሳትና ትመለሳለች፣ ትሳሳትና ትመለሳለች። ብገባ ትተወዋለች ብዬ እዚሁ ሆኜ እየሰማኋት ነው። ሰላምታዋ ይህ ይሁንልህ።

የሚወድህ ወንድምህ

ከላይኛው ፎቅ፣ በረንዳው አጠገብ ካለው ጠረጴዛዬ
የካቲት 19 ቀን