በጉን ያሰርክበት ገመድ

ሙሐዲን፣

የአረፋውን በግ በኮምፒውተር ገመድ ታስራለህ? በአገሩ ጠፍር ጠፋ? ጫፉን አኝኮ በጥሶታል፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮች አይገናኙም።

ለሱቁ ዕቃ ላመጣ ደሴ መሄዴ ነው፤ ሚኒባሱ ጡሩምባ እየነፋብኝ ነው። የታኘከውን ቆርጠህ ጣል። አዲሱ መሰኪያና መጭመቂያው ፒንሳ መሳቢያ ውስጥ አሉ። የሽቦዎቹን ቀለም ከደህናው ጫፍ እያየህ በተራ አስገባ። አረንጓዴው መብራት ካልበራ ሌላኛው ቀዳዳ ላይ ሞክር።
አትነቅንቀው!

ሀውራ ከዙሁር ሶላት በኋላ እኛ የቀረጽነውን የሰርጓን ቪዲዮ ልትወስድ ትመጣለች። ያለው አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ፍላሽ አያነብም። ባሏ ከጦርነቱ አልተመለሰም። ቤታቸው ሲዘረፍ አንድ ፎቶው እንኳ አልተረፈላትም።

ትናንት ስለጮህኩብህ አፉ በለኝ።

ካልሠራ ግን እንዳትደውልልኝ። ዓይን ዓይኗን እያየህ «በግ አስሬበት ነው» በላት።

ባድሩ