እኔ፣ አማቴና አንዱ ቴሌቪዥን

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ዛሬም ሪሞቱን አልሰጡኝም። ሶፋው ላይ ጭናቸው ስር አድርገው እንደ ዶሮ ታቅፈውታል። አንድ ቲቪ፣ ሁለት ሴት፣ አንድ ሳሎን። እግሬ ከጣቶቼ እስከ ጉልበቴ ጀሶ ውስጥ ነው። አሥራ አንደኛ ቀኔ። ሐኪሙ ያለው ስድስት ሳምንት ነው።

እትዬ አስካለ የባለቤቴ የዳዊት እናት ናቸው። ቤቱም የሳቸው ነው። ከአራዳ ጊዮርጊስ ጀርባ፣ ፎቅ ላይ፣ የእንጨት ደረጃው ክረምት ሲገባ ሳሙና የተቀባ የሚመስል። እኔን የጣለኝም እሱ ደረጃ ነው። ዳዊት የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አልጋዬን ሳሎን አውጥቶ፣ ቲቪው ፊት ለፊት አድርጎልኝ፣ "በቃ ሁለታችሁ እየተጫወታችሁ ትቆያላችሁ" ብሎ ጅቡቲ ሄደ። ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ከ"እንዴት አደሩ" እና ከ"ራት ቀርቧል" ያለፈ ተጫውተን አናውቅም። እሱ ይህን አያውቅም። ወይም ማወቅ አይፈልግም።

የዛሬው ፕሮግራም፦ ጠዋት ትርጉም ድራማ። ቀትር ላይ የዚያው ድራማ ድጋሚ። ከሰዓት ሌላ ትርጉም ድራማ። ሁሉም ውስጥ ሀብታም ቤተሰብ አለ፣ የተደበቀ ልጅ አለ፣ በር ላይ ቆማ የሰው ወሬ የምትሰማ ሴት አለች። እኔ የምወደው የወንጀል ፊልም ነው፤ ማን ገደለው የሚባለው። ድሮ ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ስልኬ ላይ አይ ነበር። አሁን ስልኬም አብሮኝ ወድቆ ስክሪኑ ተሰነጣጥቋል። ከመደወል በቀር አያገለግልም።

"እትዬ፣ አንዴ ሌላ ጣቢያ ብናይስ?"

"ከስር ጽሑፍ የሚያሯሩጡበትን? ተይኝ። ፊልም ማለት ወሬ ነው። የማያወሩበት ፊልም ምን ያደርግልኛል?"

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። መስኮቱ የሚያሳየኝ የቆርቆሮ ጣሪያና አንድ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። ጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ ግቢው ጭር ብሏል። ብጮህ የሚሰማኝ የለም።

የሚያሳፍረኝን እጽፋለሁ። ፖፖዬን የሚደፉልኝ እሳቸው ናቸው። አይናገሩም፣ ፊታቸውን አያጨማድዱም። አንስተው ይሄዳሉ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ ሳምንት ያደረጉብኝ፦

ሻዩን እስኪፈስ ሞልተው ሰጡኝ፤ ብርድ ልብሴ ተነከረ።

ውኃውን እጄ የማይደርስበት ቦታ አስቀመጡት።

እህቴ ልትጠይቀኝ ብትመጣ በሩ ላይ ቆማ ፈገግ ስትል ሳይመልሱላት ቀሩ። "አማትሽ ጠልተውኛል" ብላ ሄደች።

ሆን ብለው ነው። ሌላ ምን ይባላል? ልጃቸውን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ። ያውም ልጅ ሳልወልድላቸው። በአፋቸው አላሉትም፤ በሻይ ይሉታል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ድራማው ዛሬ አልተላለፈም። በቦታው የአማርኛ ኮሜዲ መጣ። አንድ ባል ከሚስቱ ተደብቆ በግ ይዞ ቤት ሊገባ ይሞክራል። አሥር ደቂቃ ያህል ቃል የለም። በጉን በመስኮት ያሾልካል፣ በጉ በበር ይወጣል፣ ሚስትየዋ ዞር ስትል ሰውየው በጉን ጋቢ ያለብሰዋል። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ጀሶው ውስጥ እግሬ እየተመታ ያመኛል፣ ግን አላቆምኩም። ከወደቅሁ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ አስካለ ጭጭ። ፊታቸው ድንጋይ።

"ምን ሆነ?" አሉኝ።

"አያዩም እንዴ በጉን?"

"አየሁ። ምኑ ያስቃል?"

 በሳቄ እንኳን ቀኑብኝ አልኩ በልቤ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። ሃያ ዘጠኝ ቀን ይቀረኛል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10



እትዬ ወጥ ሊያማስሉ ሲነሱ ሪሞቱን አልጋዬ ጫፍ ላይ ጥለውት ሄዱ። ያዝኩት። ተመልሰው ተቀመጡ። ድራማው ላይ ሁሉም ይጮሃል፣ ድምፁን ልቀንስ ብዬ ጨርሶ አጠፋሁት። ምስሉ እንዳለ ነው። ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ስክሪኑን ሞልታ ታለቅሳለች።

እትዬ አስካለ ቀና ብለው ዙሪያውን አዳመጡና "መብራት ሄደ እንዴ?" አሉ።

ቲቪው ፊታቸው ላይ እየበራ።

"አዎ፣ ሄደ" አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። "እኔን! ዛሬ እኮ እውነቱን ልትነግረው ነበር" ብለው በረጅሙ ተነፈሱ። እጄን አንስቼ ወደሳቸው አወዛወዝኩ። ምንም። ድምፁን መለስኩት። "ተመስገን፣ መጣ" ብለው ፈገግ አሉ።

ሻዩ። ውኃው። እህቴ። በጉ። ሁሉም ባንዴ መጣብኝ።

ድራማው እስኪያልቅ ጠብቄ "እትዬ፣ ምን ያህል ያያሉ?" አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፦ "ብርሃን አያለሁ። ጥላ አያለሁ። ያንቺ ጀሶ ነጭ ሆኖ ይታየኛል። አንቺ ግን አትታዪኝም።"

ከጀመራቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። እናታቸውም እንዲሁ ሆነው ነው የሞቱት። ለማንም አልተናገሩም። ዳዊት ከሰማ ናዝሬት ላለችው እህቱ ለምሕረት ይነግራታል፣ ምሕረት ደግሞ ልትወስዳቸው ሰበብ ነው የምትፈልገው። "እዚህ ደረጃውን እግሬ ያውቀዋል። ጊዮርጊስ ድረስ በደወሉ እሄዳለሁ። ናዝሬት ሄጄ አንድ ወንበር ላይ ልቀመጥ? አልናገርም በይ። ማይልኝ።"

"ጊዮርጊስን፣ አልናገርም" አልኩ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ጠዋት ሪሞቱን አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። "ያንን የነፍሰ ገዳይሽን ክፈቺ። ዓይን ትሆኚኛለሽ።"

ፊልም ለሰው ማውራት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። "ሰውየው ጓንት እያደረገ ነው" እላለሁ።

"በርዶታል?"

"አይ፣ ሌላው ሰው በሸሚዝ ነው።"

"እንግዲያ አሻራውን ሊደብቅ ነው! እሱ ነው ገዳዩ።"

እሱ ነበር። ከኔ ቀድመው ደረሱበት። እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

ከሰዓት የሕንድ ፊልም አገኘን። ድሮ በልጅነታቸው ከትምህርት ቤት ጠፍተው ፒያሳ ሲኒማ ቤት ይገቡ ነበር አሉ። አባታቸው አንዴ በር ላይ ጠብቀው ይዘዋቸው እስከ ቤት በኩርኩም። በሳምንቱ ተመልሰው ገቡ። "ያኔ ቋንቋው አንዲት ቃል አይገባኝም፣ በዓይኔ ብቻ እያየሁ አለቅስ ነበር። አሁን ደግሞ በጆሮዬ ብቻ። ሁለቱን ባንዴ እግዜር አልፈቀደልኝም" ብለው ሳቁ። ጥርሳቸው እንዲህ እንደሚያምር አላውቅም ነበር። ስድስት ዓመት!

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ቡታጋዙ በሩ አጠገብ ነው፤ ከአልጋዬ ይታየኛል። ጋዙን ይከፍታሉ፣ በእጃቸው እየዳበሱ ክብሪት ይጭራሉ። ክብሪቱ እስኪጠፋ አልተነፍስም። በፊት አላየሁም ነበር፤ አሁን ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። እግሬ በጀሶ፣ አፌ በመሐላ ታስሯል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ሆነ።

ረፋዱ ላይ ድስቱን ሊያወርዱ ጨርቅ ያዙ፤ ጫፉ እሳቱ ላይ ተንጠልጥሏል። "እትዬ! ጨርቁ!" ብዬ ጮህኩ። ጨርቁ ምን እንደሆነ አላወቁም። ደንግጠው ወዲያ ሲጥሉት የበሩ መጋረጃ ስር ወደቀ። መጋረጃው እሳት ያዘ። እሳቸው እሳቱን በጆሯቸው እየፈለጉ፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ወደሱ ይሄዳሉ።

እንዴት ከአልጋ እንደወረድኩ አላስታውስም። በቂጤ እየተጎተትኩ፣ ጀሶውን ወለል ለወለል እየጎተትኩ ደረስኩ። መጋረጃውን ቦጨቅሁት። የመጠጥ ውኃውን ጀሪካን ገለበጥኩበት። ጋዙን ዘጋሁ። ከዚያ ሁለታችንም እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጥን። የእትዬ መዳፍ ተለብልቧል። የኔ ጀሶ ረጥቧል።

"አየሽ፣ ጠፋ። ጠፋ አይደል? ምንም አልሆነም" አሉኝ።

ከሰዓት ለዳዊት ደወልኩ። ከጅቡቲ ሲመለስ ሚሌ ደርሷል። እሳቸው እዚያው ሶፋው ላይ ናቸው፣ ይሰማሉ። ትልቅ ሰው አጠገቤ ተቀምጠው እንዴት ተደብቄ አንሾካሹካለሁ? ሁሉንም ጮክ ብዬ ነገርኩት።

ስጨርስ እትዬ አስካለ ተነስተው ቲቪውን አጠፉ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

አላናገሩኝም። ቲቪው ጠፍቶ ዋለ። ፖፖዬን ግን ደፉልኝ።

ምሕረት ደወለች፤ "ማክሰኞ መጥቼ እወስዳታለሁ" አለች። ስልኩን ስዘጋው እትዬ ጓዳ ገብተው ነበር። የቁም ሳጥኑ በር ሲንቋቋ ሰማሁ። ልብሳቸውን በመዳፋቸው እየለዩ ያጥፋሉ፤ የተለበለበውን በጨርቅ ጠቅልለውታል። ነጠላ ለብቻ። ሹራብ ለብቻ። ተነስቼ ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ አልችልም፤ የራሴ እግር እንኳን አይታዘዘኝም። "እትዬ" አልኩ ከአልጋዬ። ማጠፋቸውን ቀጠሉ።

ትክክል ነው የሠራሁት። መቶ ጊዜ ለራሴ ነገርኩት። መቶውም ጊዜ ከዳተኛ ሆኜ ነው የተሰማኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ዳዊትና ምሕረት ባንድ ቀን መጡ። ምሕረት ጫማዋን ሳታወልቅ መጮህ ጀመረች፦ ለምን ደበቃችሁኝ፣ እናቴ ተቃጥላ ልትሞትብኝ ነበር። ዳዊት ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ። እትዬ በሁለት ሻንጣ መካከል፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንደ መንገደኛ።

"ሐኪም አይቷቸዋል?" አልኩ።

ምሕረት አንዱን ሻንጣ አነሳች።

"የምጠይቀው እኮ ቀላል ነገር ነው። እስከ ዛሬ አንድ ሐኪም ዓይናቸውን አይቷል?"

"የእናቴ በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም" አሉ እትዬ። ከቅዳሜ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። ለኔ ይሁን ለአየሩ አላውቅም።

ዳዊት ተነስቶ እጃቸውን ያዘና በዚያ በደረጃው ይዟቸው ወረደ። አራት ሰዓት ያህል ቆዩ። እኔና ምሕረት ሳንተያይ ተቀመጥን። ሲመለሱ ዳዊት በሩ ላይ ሆኖ "ሞራ ነው" አለ። "የዓይን ሞራ ግርዶሽ። በቀዶ ሕክምና ይነሣል። ዶክተሯ ምን አለች መሰላችሁ፣ እናቴን 'ምነው እስካሁን ጨለማ ወደዱ?' አለቻት።"

ምሕረት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እትዬ አላለቀሱም። "እናቴም ይድኑ ነበር ማለት ነው" ብቻ አሉ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

የግራ ዓይናቸው ዛሬ ነው። ሁሉም ሄዱ። ቲቪው የኔ ብቻ ነው። ፊልም ከፈትኩ፤ አንዱ ሰው በሩን ቀስ ብሎ ሲከፍት "በሩን ከፈተ" ብዬ ተናገርኩ። ለማን? አጠፋሁት።

ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ጣሪያ ሳይ ዋልኩ። ምንም ባይለወጥስ? ቢባባስስ? የተናገርኩት እኔ፣ ሐኪም ያልኩት እኔ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳዊት ደወለ፦ "ጨርሰዋል። ተሸፍኗል። ነገ ይፈታል።" "ምን አሉ?" አልኩት። "ምንም። ራበኝ አለች።"

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ጠዋት ወስደው ፈቱላቸው። ደረጃውን ሲወጡ እግራቸውን እሰማለሁ። በየደረጃው ይቆማሉ። ዳዊት "ምነው ደከመሽ?" ይላል፤ "ዝም በል፣ እያየሁ ነው" ይሉታል።

ገቡ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ያነባል። ግድግዳውን አዩ። የተቃጠለውን መጋረጃ ቦታ አዩ። ምሕረትን "አሮጊት ሆነሻል" አሏት፤ ምሕረት በሳቅና በለቅሶ መካከል ቀረች። ከዚያ ወደኔ መጡ። ጎንበስ ብለው፣ አንዱን ዓይን ጨፍነው፣ ረጅም ጊዜ አዩኝ። መሐላዋን ያፈረሰችብኝ ሴት ፊቷ ምን ይመስላል ብለው ይሆን? እኔ ትራስ ውስጥ ብገባ ደስ ባለኝ።

"ከስተሻል" አሉ። ሌላ የለም። ጓዳ ገብተው ሻንጣዎቹን መፍታት ጀመሩ። ምሕረት ልትከለክል ስትል ዳዊት በዓይኑ ዝም አሰኛት።

ማታ ከራት በፊት ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደኔ ሳያዞሩ፦ "ቀኙ ከሁለት ወር በኋላ ነው ብለዋል። ያኔ አንቺ እግርሽ ተፈትቷል።"

"አዎ፣ እትዬ።"

"አንቺ ትወስጂኛለሽ።"

ይቅርታ ይሁን ቅጣት አልገባኝም። መጠየቅም አልደፈርኩም። እሺ አልኩ።