ከመስኮትዎ ሥር ስለ ደወልሁት ስልክ

ለክቡር አቶ እስክንድር፣ የርቀት ቅሬታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ
ቦንጋ

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። የሟች ባለቤቴ የቡና ቦታ ባለፈው ወር በእርስዎ ፊርማ ለወንድሙ ለግዛቸው ከተላለፈ ወዲህ ሥራ ስለቀለለኝ፣ ምስጋናዬን ሰው ሁሉ በሚያነበው ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ አግኝቻለሁ።

አንደኛ፣ ከማንኪራ በእግርና በባጃጅ ቢሮዎ ድረስ ስመጣ፣ ዘበኛው በአካል መቅረብ እንደቀረና አቤቱታ የሚሰማው በኢንተርኔት ጥሪ ብቻ እንደሆነ ነግሮ ከበር ስለመለሰኝ አመሰግናለሁ። ለሩቅ ሰው የታሰበውን አገልግሎት ለቅርብ ሰውም አላጓደላችሁም። ስለዚህ ከመስኮትዎ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ፣ ስልኬን ላውድ ላይ አድርጌ ደወልሁልዎ። በመካከላችን ስድስት እርምጃ ነበር።

ሁለተኛ፣ ገና ሲያነሡት «እናንተ የገጠር ሰዎች አሠራሩን ስለማታውቁት ነው የምትፈሩት» ብለው ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳላነብ አልጥልምና ከዚያም ከዚህም የለቃቀምሁትን ላካፍልዎ። በድሮው ስልክ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ መስመሩ እስኪዘጉት ድረስ የእነሱ ብቻ ነበር። ከዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ተመራማሪዎች ድምፅን ወደ ቁጥር ለውጠው፣ ቆራርጠው፣ ኮምፒውተሮች በሚገናኙበት መረብ መላክ ጀመሩ። በኋላም ሰዎች በኮምፒውተር እንደ ወታደር ሬዲዮ ተራ እየጠበቁ ያወሩ ነበር፤ ዛሬ ያ ሁሉ በእኔ የተሰነጠቀ ስልክ ውስጥ ገብቷል። የአንድ ሰከንድ ንግግሬ ወደ ሃምሳ ቁራጭ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አድራሻና ተራ ቁጥር ይዞ ለብቻው ይጓዛል፣ ምናልባትም ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል። የእርስዎ ስልክ የዘገየውን ጥቂት ይጠብቃል፤ ካልደረሰ ይጥለዋል፣ እንደገና ላኩልኝም አይልም። ክፍተቱን ደግሞ ሰሚው መስመሩ የሞተ እንዳይመስለው በለስላሳ ሹክሹክታ ይሞላዋል። ይህን ሳነብ ማሽኑን የሠሩት ሰዎች የእርስዎን ቢሮ አይተው የሠሩት መሰለኝ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ጥቂት ይጠብቃል።

ሦስተኛ፣ የድምፅ መሄጃና መመለሻ የየራሱ ስለሆነ፣ የእኔ ባይደርስዎም የእርስዎ ደርሶኛል፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ መጀመሪያ በመስኮቱ፣ ትንሽ ቆይቶ በስልኩ። «የማንኪራ ሴት ከንብ ጋር እንጂ ከሰው ጋር አታወራም» ብለው ለጸሐፊዎ ሲስቁም ሁለት ጊዜ ሰማሁ፤ በሁለተኛውም አላሳቀኝም። ቀጥለው «ተቃውሞ ካለሽ ተናገሪ» አሉኝ። ባለቤቴ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት ቦታውን ለእኔ የተወበት ወረቀት በእጄ እንዳለ ተናገርሁ፤ አልተሰማም። ደገምሁት። በዚህ ዕድሜዬ ጮሄ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ተነሥቼ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ወደ መስኮቱ ጮህሁ። እርስዎም ፊቴን እያዩ «ምንድን ነው የምትጮኸው ይህቺ? ሰው እያነጋገርሁ አይደል እንዴ!» ብለው መስኮቱን ዘጉ፤ ወደ ስልኩም ተመልሰው «ሄሎ? ሄሎ? ዝም አለች፤ ተቃውሞ የላትም ብለህ ጻፍ» አሉ። ድምፄን በደንብ ለመስማት ብሎ መስኮት የዘጋብኝ ሰው ከእርስዎ በፊት አልገጠመኝም፤ ከእርስዎም በኋላ የሚገጥመኝ አይመስለኝም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያረምሁት፣ የለቀምሁት፣ ባለቤቴንም የቀበርሁበት ቦታ በዚያች እጅዎ አብሮ ተዘጋ። የእጅዎን ቅልጥፍና አደንቃለሁ።

ጆሮዎን ሳይጠቀሙበት እንደ አዲስ ይዘውት ለጡረታ እንዲበቁ እየተመኘሁ፣ ለእርስዎ ከሚገባው እጅግ በሚበልጥ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ተቃውሞ የሌላት
ዓባይነሽ ሀብተሥላሴ
ከማንኪራ

ማስታወሻ፦ «ባለጉዳይዋ ያን ቀን ከቢሮዬ ግቢ አልደረሰችም» የሚል መልስ ይግባኝ ላልሁበት ፍርድ ቤት እንደላኩ ሰምቻለሁ። በአግዳሚው ወንበር አጠገቤ ተቀምጣ የነበረችው ባለጉዳይ ሩሀማ ግን፣ የእሷ ቀጠሮ በሚቀጥለው ሳምንት ስለነበር፣ እንድትማርበት ብላ ሁሉንም በራሷ ስልክ ቀድታው ኖሯል። ቅጂውን ለዳኛዋ በእጄ ሰጥቻለሁ፤ እሳቸው ሰው በአካል ያስገባሉ። ሲያዳምጡት ልብ እንዲሉልኝ የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መስኮቱ ሲዘጋ ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ አንዴ ከራሴ በላይ፣ አንዴ ከስልኬ።