ሠላሳ አንድ ልጆች በኳሳቸው የተሰየሙላቸው ወርዋሪ፦ የአቶ ፉቲንግ ማያው የሕይወት ታሪክ

አቶ ፉቲንግ ማያው ከእናታቸው ከወይዘሮ ካቲንግ ፓናይና ከአባታቸው ከአቶ ማያው ኮላስ፣ በታይዋን ምሥራቅ ጠረፍ በምትገኘው፣ የአሚስ ነገድ ሰዎች በሚኖሩባት በቺታላንጋይ መንደር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 9 ቀን 1962 ተወለዱ። ከአምስት ልጆች አራተኛው ናቸው። አባታቸው እንደ ደንባችን ወደ ሚስታቸው ቤት የገቡ ሰው ነበሩ፤ ይሁን እንጂ የቱና መርከብ ሠራተኛ ስለነበሩ ቤቱ የሚያያቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ስለዚህ አቶ ፉቲንግን ያሳደጓቸው እናታቸውና ይህን ጽሑፍ የጻፈችው ታላቅ እህታቸው ናካው ናቸው።

መወርወር የተማሩት ከአሰልጣኝ አይደለም። በቤቱ ጀርባ ትልቅ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ነበር። ፍሬው በድንጋይ ከተመታ ይፈርጥና ለሾርባ አይሆንም፤ ስለዚህ እናታቸው ፍሬው የተንጠለጠለበትን ዘንግ ብቻ መትተው እንዲያወርዱ ያዟቸው ነበር። በዘጠኝ ዓመታቸው ዘንጉን አይስቱም ነበር። የስታዲየም ጋዜጠኞች በኋላ ስለ ክንዳቸው ብዙ ጻፉ፤ ስለ ዛፉ ግን የጠየቀ አልነበረም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደሩ ትምህርት ቤት ተከታትለው በአሥራ ሁለት ዓመታቸው በምዕራቡ ጠረፍ ወደሚገኝ የስፖርት ትምህርት ቤት ተወሰዱ። ከዚያም ለአንድ ድርጅት ቡድን ቤዝቦል፣ ወርዋሪ የወረወረውን ኳስ መቺ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ፣ ሲጫወቱ ቆዩ። በ1987 ከወይዘሮ ዶንጊ ጋር ተጋብተው ወደ እርሳቸው ቤት ገቡ፤ ሁለት ሴት ልጆችም አፈሩ።

በ1990 በደመወዝ የሚጫወቱበት ሊግ ሲጀመር አቶ ፉቲንግ ወርዋሪ ሆነው ተቀጠሩ። ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነበሩ፤ ለወርዋሪ ወጣት የሚባል ዕድሜ አይደለም። የመጀመሪያው ውዝግብ የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። ኳሱ ላይ ቀይ ነገር ተገኘና ዳኞቹ መቺውን ለማሳሳት ኳስ ቀብተሃል ብለው ከሜዳ አስወጧቸው። ነገሩ ሁልጊዜ የሚያኝኩት፣ ምራቅ የሚያቀላው የቢንላንግ ፍሬ ነበር። "እኔ የቀባሁት ጥርሴን ነው" ብለው መለሱ። አገር ሳቀ፤ እርሳቸው ግን ለአምስት ጨዋታ ታገዱ። ሁለተኛው ውዝግብ ከአሰልጣኛቸው ጋር ነው። በየአራት ቀኑ መወርወር የሚገባውን ክንድ በየሁለት ቀኑ ያስወረውሩት ነበር። "ክንድ እንደ ቧንቧ ሲከፍቱት አይወርድም" ብለው ተናገሩ፤ አሰልጣኙም ሰነፍ ብለው ለጋዜጣ ሰጧቸው። ከዚያ ወዲያ እምቢ ብለው አያውቁም። እህታቸው እስከ ዛሬ የምትናደደው በዚህ ነው።

በጁላይ 1993 ዋንጫ በሚወሰንበት ሳምንት ሁለት ቀን አከታትለው ወርውረው ቡድናቸውን አሸናፊ አደረጉ። ሁለተኛውን ጨዋታ መንደሩ በሙሉ ሱቁ በር ላይ በተቀመጠ ቴሌቪዥን አየ። ሳምንቱ የመኸር በዓላችን ነበር፤ ሠላሳ አንድ ልጆች ወደ ጎልማሶቹ ማኅበር የሚገቡበትና ሽማግሌዎች ለእኩዮቹ ሁሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚጠሩበትን አንድ ስም የሚያወጡበት ዓመት። ስሙ በዚያ ዓመት ከሆነው ትልቅ ነገር ይወሰዳል። ሽማግሌዎቹ በአዲሱ ድልድይ ሊሰይሟቸው ተስማምተው ነበር። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ስራ ግን ተነሡና "ድልድዩን ጎርፍ ይወስደዋል። የፉቲንግን ኳስ ማን ይወስደዋል?" አሉ። ልጆቹ "ላማሊ" ተባሉ፤ የኳሱ ልጆች ማለት ነው። ከሠላሳ አንዱ አንዱ የናካው ልጅ ካቻው ነበር። ድልድዩ እስከ ዛሬ አለ።

በኤፕሪል 1997 በጨዋታ ውጤት የሚወራረዱ ሦስት ቁማርተኞች ቡድኑ ያረፈበት ሆቴል መጥተው ጠረጴዛ ላይ ሽጉጥ አስቀመጡና ነገ ተሸነፉ አሉ። በማግሥቱ አቶ ፉቲንግ በስድስተኛው ዙር ኳሱን ሆን ብለው ከመስመር ውጭ እየወረወሩ ሦስት መቺዎችን በነፃ አሳለፉ፤ ቡድናቸውም ተሸነፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ጨዋታ እንደዚሁ ተሸነፈ። ነገሩ ሲወጣ ፍርድ ቤቱ በገደብ ለቀቃቸው፣ ሊጉ ግን ዕድሜ ልካቸውን አገዳቸው። ጠበቃቸው ያዳናቸው ሽጉጡን ደጋግሞ በመጥራት ነው። ወይዘሮ ዶንጊ፣ ሚስት ባሏን ስትፈታ እንደ ደንባችን የምታደርገውን አድርገው፣ የባላቸውን ሻንጣ ከበር ውጭ አስቀመጡት፤ ዝናብ ሲጥል መልሰው አስገቡት። ከዚያ በኋላ ስለ ሻንጣው አልተወራም።

ዕዳው የወደቀው በላማሊዎች ላይ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በሌሎች መንደሮች በዓል ላይ ሲገኙ "ላማሊዎች መጡ! ዛሬስ ስንት ተከፍሏችሁ ነው የምትሸነፉት?" እየተባለ ተሳቀባቸው። ካቻው ጓደኞቹን ይዞ ስሙ እንዲቀየር ጠየቀ። አቶ ስራ "ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስም ሸሚዝ መሰለህ?" ብለው መለሱት። አቶ ፉቲንግ ይህን ሰሙ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሃያ ሁለት በዓል ቀሩ።

በእነዚህ ዓመታት በሰሜን ከተሞች ለኮንክሪት የሚሆን የጣውላ ቅርጽ የሚሠሩ አናጺ ሆነው ኖሩ። በአሚስ ቤት የእናት ወንድም ትልቅ ሰው ነው፤ የእኅቱን ልጅ ሠርግ የሚመራው እርሱ ነው። በ2004 ካቻው ሲያገባ ግን ሌላ ሰው መራ። አጎትየው መጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ሲያጸዱ ዋሉ። ናካው ያን ቀን የልጇንም የወንድሟንም ዓይን ማየት አልቻለችም። በ2011 ትከሻቸው እምቢ ሲል ወደ መንደር ተመለሱ። የትምህርት ቤቱን ሜዳ ሣር ያጭዱ፣ መስመሩን በኖራ ያሰምሩ ነበር፤ ኳስ ግን አልነኩም። በበዓል ቀን ዘፈኑ የማይሰማበት ድረስ በጠረፉ ሄደው ዓሣ ያጠምዳሉ።

በ2019 ሳይጠሩ ወደ በዓሉ መጡ። እኩዮቻቸው "ሃያ ሁለት ዓመት ቀርተህ ዛሬ ለሥጋው መጣህ?" ብለው ተቀበሏቸው። እርሳቸው ግን ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስሙን ከልጆቹ ላይ አውርዱላቸው" አሉ። አንድ ሽማግሌ "ሽጉጥ ደግነውብህ ምን ታደርግ ነበር?" ሲሏቸው አንገታቸውን ደፉ። ካቻው ተነሥቶ "አጎቴ፣ ጊዜው አልፏል። ሃያ ስድስት ዓመት ተሸከምነው፣ ትከሻችን ለመደው። የተገደደ ሰው ስም መያዝ ነውር አይደለም" አለ። በዚያ ቀን አብረው በሉ።

አቶ ፉቲንግ በ2023 የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በቀጣዩ ዓመት በፌብሩዋሪ መጨረሻ ሆስፒታል ሳሉ ለእህታቸው እንዲህ አሉ፦ "እትዬ፣ አስገድደውት ነው ብለሽ እንዳትጽፊ። መጀመሪያ ተገድጃለሁ። ሁለተኛ ሲመጡ ግን ሽጉጥ አልያዙም፣ ገንዘብ ያለበት ፖስታ ነው የያዙት። ትከሻዬ ማለቁን አውቅ ነበር። ማንም አላስገደደኝም።"

"ይሄን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ላንብበው?"

"ታዲያ ሌላ የት ይነበባል?"

የቀብር ኮሚቴው "ይህንንስ ሆድ ይፍጀው" ብሎ ነበር። ናካው ደከማት። ስለ ፖስታው ከመጀመሪያው ታውቅ ነበርና ሆዷ ሃያ ሰባት ዓመት ሲፈጀው ኖሯል። ሆኖም ፈራች። ላማሊዎች ሬሳውን ሊሸከሙ ቃል የገቡት ለተገደደ ሰው ነው። ስለዚህ ጽሑፉን አስቀድማ ለልጇ ሰጠችው። ካቻው አነበበ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ወጣ። ለእኩዮቹ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዳነበበላቸው የሰማችው ከሰው ነው። ማታ ተመልሶ ሳይቀመጥ "እማዬ፣ በስንት ሰዓት ነው የምናነሣው?" ብሎ ጠየቃት።

አቶ ፉቲንግ ማርች 14 ቀን 2024 ማለዳ፣ በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው በባለቤታቸው ቤት ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዶንጊ፣ ልጆቻቸው ሳውማህና ሊሲን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እህታቸው ናካው ከኋላቸው ቀርተዋል። ጌታ የደከመውን ክንዳቸውን ያሳርፍልን፤ ለነፍሳቸውም ማንም ሳይከሳት የምትቀመጥበትን ስፍራ ይስጥልን።

ከዚህ ንባብ በኋላ ሬሳውን እስከ መቃብር የሚሸከሙት በሕይወት ያሉት ሃያ ሰባቱ ላማሊዎች ናቸው። ሁሉንም ሰምተዋል። ማንም አላስገደዳቸውም።